የእናቴ ፊት እና ሰባተኛው ነርቭ

አንድ ጠዋት እናቴ የያዘችው ቡና ከአፏ ጥግ እየፈሰሰ ልብሷን አበላሸው። ቀና ብዬ ሳያት የፊቷ ግራ ጎን ወርዷል፤ አፏ ወደ ቀኝ ተስቧል፤ ግራ ዓይኗም አልጨፈን ብሏል።

ጎረቤታችን ዳማከሴ ይዘው ደረሱ። «ምች ነው፤ ታሽቶ ይሰጣት» አሉ። እኔ ግን የፈራሁት ስትሮክ ስለነበር ታክሲ ጠርቼ ሆስፒታል ወሰድኳት።

«እማማ፣ እስቲ ቅንድብዎን ወደ ላይ ያንሱ» አላት ሐኪሙ። የግንባሯ ግራ ጎን አልተጨማደደም። «አሁን ሁለቱንም እጅዎን ይዘርጉ።» እኩል ዘረጋች። ንግግሯንና አረማመዷንም አየ።

ከዚያ አስረዳኝ። ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ 12 ጥንድ ነርቮች አሉ። 1ኛው ለማሽተት፣ 2ኛው ለማየት፣ 8ኛው ለመስማትና ሚዛን ለመጠበቅ ነው። 5ኛው የፊትን ስሜት ያደርሳል፤ ለማኘክም ያገለግላል። 10ኛው እስከ ልብና ሆድ ይወርዳል። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው 7ኛው ነው። ከጆሮ ኋላ ባለ ጠባብ የአጥንት ቦይ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ሲያብጥ ይጨመቃል። ይኸው ነርቭ የምላስን የፊት ክፍል ጣዕም ስለሚያደርስና ኃይለኛ ድምፅን ስለሚያለዝብ፣ እናቴ ወጡ አልጣፍጥ፣ ድምፅም ጆሮዋን እየወጋ አስቸግሯት ነበር።

ሕመሙ «ቤልስ ፖልሲ» ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከስኮትላንዳዊው ሐኪም ከቻርልስ ቤል ነው። ግንባር ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ትእዛዝ ስለሚቀበል፣ በስትሮክ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ መንቀሳቀሱን አይተውም። የእናቴ ግንባር ግን አልታዘዝ ማለቱ ጉዳቱ ነርቩ ላይ እንደሆነ ጠቆመ።

ሐኪሙ እብጠት የሚቀንስ ክኒን አዘዘላት። መድኃኒቱ በተሻለ ሁኔታ የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ከሁሉ ይበልጥ ያስጠነቀቀን ስለ ዓይኗ ነበር፤ የማይጨፈን ዓይን ይደርቃል፣ ይቆስላል፣ እይታንም ሊጎዳ ይችላል። ቀን ጠብታ እያደረግን፣ ማታ ቅባት ቀብተን በፕላስተር እየጨፈንን አስተኛናት።

በሦስተኛው ሳምንት የአፏ ጥግ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። በሦስተኛው ወር ከአቦል እስከ በረካ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ጠጣች። ጎረቤታችን ዛሬም «ዳማከሴው ነው» ይላሉ፤ እኔም አልከራከራቸውም።

እናንተን ግን አደራ የምላችሁ አለኝ። የአባት፣ የእናት ወይም የልጅ ፊት በድንገት ሲጣመም፣ ምች ነው ስትሮክ ነው እያላችሁ ቤት ውስጥ አትከራከሩ። ግንባሩን አይቶ የሚለየው ሐኪም ነው። በተለይ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግርም ከተኮላተፈ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ አላት። ዳማከሴው ይቆያል፤ ሰዓቱ ግን አይጠብቅም።