ነጯ ክኒን በካርቱም

ካርቱም የኖረ ሐበሻ የሻይ ቀጂዋን እጅ ያውቀዋል። ስኳሩን በቁልል ማንኪያ ከብርጭቆው ሥር ታስቀድምና ትኩሱን ሻይ ከላይ ታንቆረቁርበታለች። በረመዳን ደግሞ ሕሉ ሙር አለ፤ ከበቀለ ማሽላ ተሠርቶ በስኳር የሚጠጣ፣ ስሙም «ጣፋጭ መራራ» ማለት የሆነ። እዚያ ከተማ ስኳር በሽታ ያለበት ሰው ፈተናው ጧት ማታ ደጁ ነው። የብዙዎቹ መከታ ሜትፎርሚን የምትባል ክኒን ናት።

የዘር ሐረጓ ጋሌጋ ከሚባል የአውሮፓ ተክል ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1922 ደብሊን ውስጥ ተቀመመች፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በ1957 ለሕሙማን መስጠቱን አስታወቀና «ግሉኮፋጅ»፣ ስኳር በላ፣ ተባለች።

ዋና ሥራዋ ጉበት ላይ ነው። እኛ ተኝተን ጉበት ስኳር እየሠራ ወደ ደም ይለቃል፤ በሕመምተኛው ላይ ይህ ልኩን ያልፋል፣ እሷ ታረግበዋለች። ቆሽትን ኢንሱሊን አውጣ ብላ ስለማታስጨንቅ፣ ብቻዋን ስትወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የምታወርደው ከስንት አንዴ ነው። ለጾመኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሐኪሙን አማክሮ አንዷን በኢፍጣር፣ አንዷን በሱሁር ይውጣታል።

ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳም ወሩ ረመዳን ነበር። መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊን ማቀዝቀዣ አጣ። ሜትፎርሚን ማቀዝቀዣ አትሻም፤ ፋርማሲው ሲዘጋ ግን እሷም የለችም።

በሀብታም አገር ደግሞ ጤነኞች ዕድሜ ለማርዘም ይውጧታል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የብሪታንያ ጥናት የሚወስዷት የስኳር ሕሙማን ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች በላይ እንደኖሩ አሳየ፤ በ2022 በዴንማርክ የተደረገው ግን ያንን አላገኘም። ተመራማሪው ኒር ባርዚላይ በ3,000 አረጋውያን ሊፈትናት ዓመታት ደክሟል። እኔ ጤነኛን ሰው ውሰዳት አልለውም፤ የአካል እንቅስቃሴን ጥቅም ልትቀንስ እንደምትችልም ታይቷል። የታዘዘችለት ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ባያጣት እወዳለሁ።

ሆድ ታውካለች፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር ትዋጥ። ኩላሊቱ ክፉኛ የተጎዳ አይወስዳትም። ለዓመታት ስትወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ታጓድላለች፤ ይህ ቫይታሚን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል በመሆኑ፣ ከእነዚህ ርቆ ጾም የሚያበዛ ወገኔ ደሙን ያስመርምር። ከሱዳን በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የሚሰደድ ሰው ደግሞ የክኒኑን ባዶ ማሸጊያ አይጣል፤ 500 ይሁን 850 ሚሊግራም፣ ፋርማሲስቱ ከዚያ ላይ ያነበዋል።