የሰባ ምልክት ወሰን፦ የተንቀሳቃሽ ስልክ አጭር መልእክትና የአማርኛ አጻጻፍ

የተንቀሳቃሽ ስልክ ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው ከቀፎው መለዋወጥ አንጻር ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የሞቶሮላ መሐንዲስ የነበረው ማርቲን ኩፐር በኒው ዮርክ ከተማ በእጅ በሚያዝ ስልክ ደወለ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ዳይናታክ የተባለው ስልክ ለሽያጭ ተፈቀደ፤ ከዚያም ቀፎው እየቀለለና እየረከሰ ሄደ። ይሁን እንጂ ተጠቃሚው በስልኩ ምን ዓይነት ጽሑፍ መጻፍ እንደሚችል የወሰነው ከቀፎው ቅርጽ ይልቅ የቴክኒክ ደረጃዎች አወጣጥ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማም አንድ የቴክኒክ ውሳኔ በአማርኛ አጻጻፍ ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖና የተጽዕኖውን ልክ ማብራራት ነው።

የ160 ምልክት መነሻ

ጂ.ኤስ.ኤም. የተባለው የሁለተኛው ትውልድ ዲጂታል ሥርዓት በአውሮፓ ሲነደፍ አጭር የጽሑፍ መልእክት እንደ ተጨማሪ አገልግሎት ታሰበ። መልእክቱ እንዲጓዝ የተደረገው ለድምፅ በተመደበው መስመር ሳይሆን ስልኩና አውታሩ መረጃ በሚለዋወጡበት የመቆጣጠሪያ መስመር ነው። በዚህም ምክንያት ለአንድ መልእክት የተገኘው ቦታ 140 ባይት ወይም 1,120 ቢት ብቻ ሆነ። ጀርመናዊው ፍሪድሄልም ሂልብራንድ እ.ኤ.አ. በ1985 የፖስት ካርድና የቴሌክስ መልእክቶችን ርዝመት መርምሮ 160 ምልክት በቂ ነው ከሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ለእያንዳንዱ ምልክት 7 ቢት ሲመደብ 1,120 ቢት በትክክል 160 ምልክት ይይዛል። የመጀመሪያው መልእክትም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 1992 በብሪታንያ ከኮምፒውተር ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ ተላከ።

በ7 ቢት ሊወከሉ የሚችሉት ምልክቶች 128 ናቸው። ይህ ቁጥር ለላቲን ፊደል ከነሥርዓተ ነጥቡ ይበቃል። የአማርኛ ፊደል ግን 33ቱ መደበኛ ሆሄያት በ7 ድምፆች ሲባዙ ብቻ 231 ይደርሳል፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ከዚህም ይበልጣል። ስለዚህ ፊደሉ የግድ ባለ 16 ቢት ኮድ ይፈልጋል። 1,120 ለ16 ሲካፈል ውጤቱ 70 ነው። በተጨማሪም በላቲን በተጻፈ መልእክት መካከል አንዲት የአማርኛ ፊደል ከገባች መላው መልእክት ወደ 16 ቢት ይዞርና ወሰኑ ከ160 ወደ 70 ይወርዳል።

በኢትዮጵያ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ሦስተኛ እትም የተካተተው በዚያው ዓመት ነው። አገልግሎቱ አገር ውስጥ ሲገባ ፊደሉ ገና ዓለም አቀፍ የኮድ ቁጥር ማግኘቱ ነበር።

ልዩነቱ ምን ያህል ነው?

ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ላነጻጸረ አማርኛ ከግማሽ በላይ ቦታ የተነፈገ ይመስላል። ነገር ግን የአማርኛ ፊደል ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት ስለሚያጣምር ንጽጽሩ በዚህ ሊቆም አይገባም። «እንኳን አደረሳችሁ» የሚለው ሐረግ ባዶ ቦታውን ጨምሮ 11 ምልክት ነው፤ በላቲን ፊደል በአንድ የተለመደ አጻጻፍ ግን 19 ይሆናል። በቢት ሲሰላ የመጀመሪያው 176፣ ሁለተኛው 133 ነው። በዚህ ምሳሌ ልዩነቱ አንድ ሦስተኛ ገደማ እንጂ እጥፍ አይደለም። አንድ ሐረግ ለአጠቃላይ ድምዳሜ ባይበቃም የንጽጽሩን ትክክለኛ መንገድ ያመለክታል፤ ሊቆጠር የሚገባው የምልክት ብዛት ሳይሆን ተመሳሳይ ሐሳብ ለማስተላለፍ የሚያስፈልገው ቢት ነው።

እንግዲህ ብዙ ተጠቃሚዎች አማርኛን በላቲን ፊደል እንዲጽፉ ያደረጋቸው የቦታ ጥበት ብቻ ሊሆን አይችልም። በቁልፍ በሚሠሩት ስልኮች 26ቱ የላቲን ሆሄያት በ8 ቁልፎች ላይ ተደልድለው ለአንድ ቁልፍ ሦስት ወይም አራት ይደርሱታል። 231 ፊደላት በዚሁ መንገድ ቢደለደሉ ለአንድ ቁልፍ 29 ገደማ ይሆናሉ። ከዚህም በላይ የተቀባዩ ስልክ የፊደሉን ቅርጽ ካልያዘ በትክክል የተላከ መልእክት እንኳ በባዶ ሣጥኖች ተተክቶ ይታያል። ላኪው የተቀባዩን ስልክ ስለማያውቅ ላቲንን መምረጡ አስተማማኝ መንገድ ነበር።

ያስከተለው ጉዳት

ምርጫው ዋጋ አስከፍሏል። በላቲን አጻጻፍ ብዙውን ጊዜ ጠ እና ተ በአንድ ፊደል ስለሚወከሉ «ጠፋ» እና «ተፋ» አይለዩም፤ ግዕዝና ኃምስ ድምፆችም ስለሚደባለቁ «ሠራ» እና «ሴራ» አንድ ይሆናሉ። አንባቢ በዐውዱ ይለያቸዋል፤ አማርኛን በኮምፒውተር ለሚያጠና ተመራማሪ ግን በዚህ መንገድ የተጻፈ ጽሑፍ ወደ ፊደሉ ሳይመለስ የሚያገለግል ግብዓት አይሆንም።

በስማርት ስልክ የገጽታ ቁልፎች መምጣታቸውና መልእክት በኢንተርኔት መላኩ ለግለሰቦች ልውውጥ ሁለቱንም ችግሮች በእጅጉ አቃልሏል። ሆኖም ተቋማት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለሕዝብ የሚልኩት ማሳሰቢያ ዛሬም በ140 ባይት ወሰን ውስጥ ነው። ከ70 ምልክት ያለፈ የአማርኛ መልእክት ይከፋፈላል፤ ክፍሎቹን ለማገጣጠም የሚያስፈልገው መረጃ ቦታ ስለሚወስድም እያንዳንዱ ክፍል የሚይዘው 67 ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ተቋም በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ሲወስን ከቋንቋ ፖሊሲ በተጨማሪ ከ40 ዓመት ገደማ በፊት፣ የአማርኛ ፊደል ባልታሰበበት ጠረጴዛ ላይ የተቆረጠ ስሌትም ይጫነዋል። የቋንቋ አጠቃቀም ጥናትም የተናጋሪውን ምርጫ ከመተንተኑ በፊት መሣሪያው የሰጠውን የምርጫ ወሰን ሊመረምር ይገባል።