የጫካ ቡና በቀይ መዝገብ

ቡና ለመጥፋት ተቃርቧል ሲባል ሰው ግራ ይገባዋል። ገበያው ሞልቶ፣ ጓሮው ሞልቶ! ቀይ መዝገብ የሚያየው ግን የተተከለውን አይደለም፤ በካፋና በሸካ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱን ዘርቶ የሚበቅለውን የጫካ ቡና ነው።

ዝርያዎች ለመጥፋት ምን ያህል እንደተቃረቡ የሚመዘግበውን ይህን ቀይ መዝገብ በ1964 እ.ኤ.አ. የጀመረው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ነው። ለሠላሳ ዓመት ያህል ደረጃው የሚሰጠው በባለሙያ ግምት ነበር፤ በ1994 በቁጥር የሚለካ መስፈርት ወጣለት። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አንዱ የመደበውን ሌላው አስልቶ ሊሞግተው ይችላል።

አደጋ ላይ ያሉት ዝርያዎች ተጋላጭ፣ ለመጥፋት የተቃረበ፣ እጅግ ለመጥፋት የተቃረበ እየተባሉ በሦስት እርከን ይመደባሉ። መስፈርቶቹ አምስት ናቸው፤ አንዱን ማሟላት ይበቃል። ለዘር የደረሱት ተክሎች ከ50 ካነሱ፣ ዝርያው በቀጥታ የመጨረሻው እርከን ላይ ይቀመጣል። የሥርጭቱ ስፋትም ይለካል። ብዙ የሚያከራክረው ግን የመቀነሱ ፍጥነት ነው። አብዛኛውን ጊዜ 30 በመቶ መቀነስ ተጋላጭ፣ 50 በመቶ ለመጥፋት የተቃረበ፣ 80 በመቶ እጅግ የተቃረበ ያሰኛል። ጊዜው አሥር ዓመት ወይም ሦስት ትውልድ ሲሆን፣ የረዘመው ይወሰዳል። የዛፍ ሦስት ትውልድ ከሰው ዕድሜ ሊያልፍ ስለሚችል፣ መዛኙ አያቶቻችን ያዩትን ጫካ ማወቅ አለበት።

የሚመጣውንም ይመዝናል። የጫካ ቡና የወደፊቱ የአየር ንብረት ሳይታሰብ ሲመዘን «ብዙም አያሰጋም» የሚባል ነበር። በ2019 የታተመ ጥናት የአየር ንብረት ለውጥን ሲጨምርበት፣ እስከ 2088 ድረስ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ እንደሚችል አሳየ። «ለመጥፋት የተቃረበ» የተባለው በዚህ ስሌት ነው።

ሌላው ዛፍ፣ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት መድኃኒት የሚላጠው ጥቁር እንጨት፣ ደግሞ ተጋላጭ ተብሏል። «መረጃ የጎደለው» የሚል ምድብም አለ፤ ይህ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ቶሎ ሄዶ ማየት የሚገባው እሱን ነው።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው «በዱር የጠፋ» የሚለው ምድብ ነው። በ1895 የእጽዋት ተመራማሪው ጆን ሜድሊ ውድ በደቡብ አፍሪካ ኦንጎዬ ጫካ ዘንባባ የሚመስል አንድ ተክል አገኘ፤ ወንድ ነበር። ዝርያው ወንድና ሴቱ በየራሱ ግንድ የሚበቅል ነውና ሴቲቱ ብዙ ተፈለገች፤ እስካሁን አልተገኘችም። ዛሬ በየአገሩ የእጽዋት ማዕከላት የቆሙት ሁሉ ከዚያ ከአንዱ ተክል የተነጠሉ ቡቃያዎች ናቸው። ወንዴ ዘር ያፈራሉ፤ የምትቀበል ሴት ግን የለችም።