የሥራ ቃለ መጠይቅ፦ ገዢው ዕቃውን ሳያይ የሚዋዋልበት ገበያ

“ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የሚለውን ተረት እንደ ነጋዴ የሚያውቀው የለም። አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው የቀለሙን ማማር አይቶ ገንዘብ አይቆጥርም። መካኒክ ይዞ ይሄዳል፣ ሞተሩን አስነስቶ ያዳምጣል፣ ሊብሬውን ከሻንሲው ቁጥር ጋር ያመሳክራል፣ ሻጩ ለምን ሊሸጥ እንደፈለገም ይጠይቃል። ይኸው ጠንቃቃ ነጋዴ ግን ለሱቁ ገንዘብ ያዥ ወይም ለድርጅቱ የሂሳብ ሠራተኛ ሲቀጥር የሃያ ደቂቃ ጨዋታ ይበቃዋል። ሥራ ፈላጊውም በበኩሉ ለዚያች ሃያ ደቂቃ ቀለሙን ብቻ ሲቀባ ይሰነብታል። ከረባት ይዋሳል፣ “ታታሪና ታማኝ ነኝ” የሚል መልስ ይሸመድዳል። ውጤቱ ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ኪሳራ ነው።

ለመሆኑ ለቃለ መጠይቅ መዘጋጀት ማለት ምን ማለት ነው? ነገሩን እንደ ገበያ ካየነው መልሱ ግልጽ ይሆናል።

ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢው የማያውቀው

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት ጽሑፍ ምሳሌ ያደረጉት ይህንኑ የአሮጌ መኪና ገበያ ነበር። ሻጩ የመኪናውን ገበና ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደህናውን ከብልሹው መለየት ስለማይችል መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚህ ዋጋ የደህና መኪና ባለቤት አይሸጥም፤ ከገበያው ይወጣል። የሚቀረው ብልሹው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ማይክል ስፔንስ ሐሳቡን ወደ ሥራ ገበያ ወሰዱት። ቀጣሪው የተወዳዳሪውን ችሎታ በዓይኑ ማየት ስለማይችል በምልክት ይመራል፤ ከምልክቶቹም አንዱ የትምህርት ማስረጃ ነው። ምልክት የሚሠራው ግን ችሎታ ለሌለው ሰው ማግኘቱ ከባድ ሲሆን ብቻ ነው አሉ። ሁለቱ ምሁራን ከጆሴፍ ስቲግሊትዝ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል መታሰቢያ ሽልማት ያገኙት በዚህ ዘርፍ ባደረጉት ጥናት ነው።

ይህ ለእኛ አገር ሥራ ፈላጊ ትልቅ ትርጉም አለው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በጣት በሚቆጠሩበት ዘመን ዲግሪ ብቻውን በር ይከፍት ነበር። ዛሬ ዩኒቨርሲቲዎቹ ከ40 በላይ ሆነዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂዎች አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ የተደረገውም ዲግሪው ብቻውን በቂ ምልክት አልሆን ስላለ ነው ማለት ይቻላል። ሁሉም የያዘው ወረቀት አንዱን ከሌላው አይለይም። ስለዚህ መለያው ወደ ቃለ መጠይቁ ክፍል ተዛውሯል።

ቀጣሪው የሚፈራቸው ሦስት ነገሮች

ቀጣሪ በተለያየ አነጋገር የሚጠይቀው ሲጠቃለል ሦስት ነው። ሥራውን ይችለዋል ወይ? ገንዘቤንና ንብረቴን ባምነው ይጠብቅልኛል ወይ? ካሠለጠንኩት በኋላ ጥሎኝ ይሄዳል ወይ? ገንዘብ ያዥና ንብረት ክፍል ሠራተኛ ዋስ ወይም ተያዥ እንዲያቀርብ የሚጠየቀው ከሁለተኛው ፍርሃት የተነሳ ነው።

“ስለ ራስህ ንገረን” የሚለው ጥያቄም የትውልድ ቦታንና የተማሩበትን ትምህርት ቤት ለመስማት የቀረበ አይደለም። እነዚህን ሦስት ፍርሃቶች የሚያቃልል ማስረጃ ለመስማት ነው። “ታታሪ ነኝ” ለማለት ምንም ወጪ የለበትም፤ ሰነፉም ይለዋል። ስለዚህ ምልክት አይሆንም። በአንፃሩ “በነበርኩበት መሥሪያ ቤት ሦስት ወር የተወዘፈ የባንክ ሂሳብ ማስታረቂያ ተረክቤ በሁለት ሳምንት ጨርሻለሁ፤ የቅርብ ኃላፊዬን መጠየቅ ይቻላል” የሚል ተወዳዳሪ የሚጣራ ነገር ተናገረ። ያልሠራው ሰው ይህን ለማለት ይፈራል። ምልክትነቱም እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ዝግጅት እንዲህ ያሉ ሦስት ወይም አራት እውነተኛ ታሪኮችን ከነቁጥራቸው መርጦ መያዝ ነው። ምን ችግር ነበር፣ ምን ሠራሁ፣ ምን ውጤት ተገኘ? ሥራ ያልያዘ አዲስ ምሩቅም ቢሆን የቤተሰቡን ሱቅ ሂሳብ ይዞ ወይም የዕቁብ ጸሐፊ ሆኖ ከሠራ የሚናገረው አለው። ቀድሞ የሠራ ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃውን ይዞ ይቅረብ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ በነፃ የመስጠት ግዴታ የአሠሪው ነው።

የገዢውን መዝገብ ማንበብ

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ ከዩኒቨርሲቲ በወጣበት ዓመት በአንድ ባንክ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ነበር። ስለ ፍላጎትና አቅርቦት፣ ስለ ዋጋ ንረት መንስኤ ሊጠየቅ ሌሊቱን ሲያጠና አድሯል። ከፈታኞቹ አንዱ የጠየቁት ግን “ባንካችን ባለፈው ዓመት ያተረፈው ስንት ነው?” የሚል ነበር። መልስ አልነበረውም። የሚያሳዝነው ዓመታዊ ሪፖርቱ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ እርሱ ተራውን ሲጠብቅ አንድ ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀምጦ መቆየቱ ነው። ሥራውን አላገኘም። ፈታኙም አልተሳሳቱም፤ የሚቀጠርበትን ቤት ለማወቅ እጁን ያልዘረጋ ሰው ለደንበኛውም አይዘረጋም ብለው ቢያስቡ ማን ይፈርድባቸዋል?

ለባንክ የሚወዳደር ሰው ቢያንስ የባንኩን ተቀማጭ፣ ብድር፣ ትርፍና የተከፈለ ካፒታል ይወቅ። ቁጥሩን መሸምደድ ብቻ ሳይሆን ከዜናው ጋር ያገናኘው። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንኮችን ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ አድርጓል። ምክር ቤቱ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ያጸደቀው አዋጅ ደግሞ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። ይህንን የሚያውቅ ተወዳዳሪ ባንኩ ለምን አክሲዮን እንደሚሸጥና ለምን ተቀማጭ ፍለጋ እንደሚሯሯጥ ይገባዋል። ለአስመጪ ድርጅት የሚወዳደር ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ኤልሲ ሲከፈት የነበረው ምንዛሪ ዕቃው ሲደርስ ሊለወጥ እንደሚችልና ይህም የመሸጫ ዋጋን እንዴት እንደሚነካ አስቦ ይሂድ።

ሪፖርት የማያሳትም ትንሽ ድርጅት ከሆነስ? ከዚህ የቀለለ የለም። ከቀጠሮው ቀን በፊት እንደ ደንበኛ ገብቶ ማየት ነው። ምን ይሸጣል? ደረሰኝ እንዴት ይቆርጣል? ደንበኛ የት ላይ ይጉላላል? ጎረቤት ያለው ተፎካካሪ በስንት ይሸጣል? ይህን ያየ ሰው “ጥያቄ አለህ ወይ?” ሲባል የሚጠይቀው አያጣም።

ዋጋን አውቆ መቅረብ

“ምን ያህል ደመወዝ ትጠብቃለህ?” የሚለው ጥያቄ ብዙዎችን ያስደነግጣል። አንዱ አፍሮ “እናንተ የምትሰጡትን” ይላል፤ አያያዙን አይተው ጭብጦውን ይቀሙታል። ሌላው ደግሞ ሳሩን አይቶ ገደሉን አያይም፤ የጠራው ቁጥር ያልተጣራ ይሁን የተጣራ አያውቀውም።

ደመወዙ ያልተጣራ 20,000 ብር ነው እንበል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እስከ 2,000 ብር ድረስ ግብር የለም፤ ከዚያ በላይ ያለው ከ15 በመቶ እየጨመረ ሄዶ ከ14,000 ብር በላይ በሆነው ላይ 35 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ስሌት ግብሩ 4,950 ብር ነው። የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ፣ ማለትም 1,400 ብር ነው። እጁ የሚገባው 13,650 ብር ይሆናል። ቀጣሪው በበኩሉ 11 በመቶ፣ ማለትም 2,200 ብር የጡረታ መዋጮ ስለሚጨምር ወጪው 22,200 ብር ነው። ከቀጣሪው ኪስ በሚወጣውና ሠራተኛው ኪስ በሚገባው መካከል የ8,550 ብር ልዩነት አለ ማለት ነው። አንዱ ስለ 22,200፣ ሌላው ስለ 13,650 እያሰበ ቢከራከሩ አይገናኙም። ስለዚህ ተወዳዳሪው ለተመሳሳይ ሥራ በገበያው የሚከፈለውን ጠይቆ፣ ዝቅተኛውን ለራሱ ወስኖ፣ ሲናገርም “ያልተጣራ” ወይም “የተጣራ” ብሎ ለይቶ ይናገር።

ቀጣሪውም ይዘጋጅ

ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የ85 ዓመታት የቅጥር ምርምሮችን አጠቃለዋል። የቃለ መጠይቁን ውጤት በኋላ ከታየው የሥራ ውጤት ጋር ሲያነጻጽሩ (0 ምንም ግንኙነት አለመኖሩን፣ 1 ፍጹም መግጠሙን ያሳያል) ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄና ነጥብ የተዘጋጀለት ቃለ መጠይቅ 0.51፣ እንደመጣ የሚደረገው ጨዋታ ደግሞ 0.38 አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቻቸው ስሌቱን እንደገና ሲሠሩት የመጀመሪያው 0.42፣ ሁለተኛው 0.19 ሆኗል። ሁለቱም ወርደዋል፤ ልዩነቱ ግን ሰፍቷል።

ይህን ለመጠቀም ትልቅ መሥሪያ ቤት መሆን አያስፈልግም። ባለሱቁ አምስት ጥያቄዎችን አስቀድሞ በወረቀት ይጻፍ፤ ሁሉንም ተወዳዳሪ እነዚያኑ ይጠይቅ፤ ነጥቡንም ወዲያው ይመዝግብ። የሂሳብ ሠራተኛ ከሆነ ስሕተት ያለበት የአንድ ቀን መዝገብ ሰጥቶ ስሕተቱን እንዲያወጣ ግማሽ ሰዓት ይስጠው። ሞተሩን አስነስቶ ማዳመጥ ይህ ነው።

በመጨረሻም ሁለቱም ወገኖች ሊያስታውሱት የሚገባ ነገር አለ። ከላይ የተጠቀሰው አዋጅ የሙከራ ጊዜን ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ወስኗል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ያልተገኘን ሠራተኛ ቀጣሪው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ማሰናበት ይችላል፤ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። በሃያ ደቂቃ ውስጥ በቀለም የተሸፈነ ነገር ሁሉ በ60 ቀን ውስጥ ይገለጣል። ያን ጊዜ ነጋዴው የሁለት ወር ደመወዝና ደንበኛ፣ ወጣቱ ደግሞ ሌላ ቦታ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ዕድል ያጣል። የሚያዋጣው ዝግጅት እንግዲህ በ60ኛው ቀንም እውነት ሆኖ የሚገኘውን ይዞ መቅረብ ነው።