ሴት ልጃችሁ በየትኛው የኳስ ሊግ ትጫወት?

የዛሬው ንግግራችን አሜሪካ አገር ለምትኖሩ ወላጆች ነው። ይልቁንም ኳስ የምትጫወት ሴት ልጅ ላላችሁ። ንግግሩ ታትሞ የደረሳችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

እስቲ እንዲህ እናስብ። ልጃችሁ 12 ዓመቷ ነው እንበል። ለክለብ ተፈትና አለፈች። ማታ ከክለቡ ደብዳቤ መጣ። «ልጃችሁን መርጠናታል። በሁለት ቀን ውስጥ ፈርሙ። ቀብድ ክፈሉ» ይላል። ከክለቡ ስም ሥር «ኢ.ሲ.ኤን.ኤል.» የሚል አለ። ከሌላ ክለብ የመጣው ደግሞ «ጂ.ኤ.» ይላል። ልጅቷ «ማሚ፣ ቶሎ ፈርሚ!» ትላለች። እናት እስክሪብቶ ታነሳለች።

ቆይ እስቲ። እስክሪብቶውን አስቀምጪና አብረን እናንብብ።

እነዚህ ፊደሎች የሊግ ስም ናቸው። ኢ.ሲ.ኤን.ኤል. የተቋቋመው በ2009 ነው። ዓመቱን የምንናገረው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሲጀመር ለሴት ልጆች ብቻ ነበር። ወንዶች የተጨመሩት በ2017 ነው። በዚያው በ2017 የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን «ዴቨሎፕመንት አካዳሚ» የተባለውን ሊጉን ለሴቶችም ከፈተ። ብዙ ክለቦች ወደዚያ ገቡ። ታዲያ የፌዴሬሽኑ ሊግ አንድ ጥብቅ ደንብ ነበረው። ተጫዋቿ ለትምህርት ቤቷ ቡድን እንድትሰለፍ አይፈቅድም ነበር። ኢ.ሲ.ኤን.ኤል. ግን ይፈቅዳል። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር መጫወት ለምትወድ ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በ2020 በአፕሪል ወር፣ በኮሮናው ጊዜ፣ ፌዴሬሽኑ ሊጉን ዘጋው። አንዳንዶቹ ክለቦች ወደ ኢ.ሲ.ኤን.ኤል. ሄዱ። ሌሎቹ ተሰባስበው በዚያው ዓመት «ገርልስ አካዳሚ» የተባለውን አቋቋሙ። ጂ.ኤ. የሚባለው እሱ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ለሊጉ ስም ብለው ልጃቸውን ክለብ ያስቀየሩ ወላጆች ነበሩ። በሦስት ዓመት ውስጥ ሊጉ ራሱ ጠፋባቸው።

ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል? ብዙ ሰው ኢ.ሲ.ኤን.ኤል.ን ያስቀድማል። ዕድሜውም ረዘም ያለ ነው፣ ክለቦቹም ከ100 በላይ ናቸው። ቢሆንም በእናንተ ሰፈር ያለው የጂ.ኤ. ቡድን ጠንካራ ሊሆን ይችላል። አገራችን ሊግ ላይ ያሸነፈ ይወጣል፣ የተሸነፈ ይወርዳል፤ ወራጅ ቀጠና የምንለው አለ። በእነዚህ ሊጎች እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም። ክለብ የሚገባው ሊጉ ሲቀበለው ነው። ስለዚህ ጎበዝ ሆኖ ከውጭ የቀረ ቡድን አለ። ውስጥ ሆኖ በየሳምንቱ የሚሸነፍም አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ደብዳቤውን እንደገና እዩት። ከኢ.ሲ.ኤን.ኤል. ቀጥሎ «አር.ኤል.» የሚሉ ሁለት ፊደሎች አሉ ወይስ የሉም? አር.ኤል. ማለት «ሪጅናል ሊግ» ነው። ከዋናው ሊግ ሥር ያለ ሁለተኛ እርከን ነው። ጂ.ኤ.ም «አስፓየር» የሚባል ሁለተኛ እርከን አለው። አንድ ክለብ በአንድ ዕድሜ ሁለት ሦስት ቡድን ሊኖረው ይችላል። ማሊያው አንድ፣ ዓርማው አንድ፣ ሊጉ ግን የተለያየ። «ልጄ የትልቁ ክለብ ተጫዋች ናት» ብሎ ጎረቤት ለጎረቤት ያወራል፤ ልጅቷ ያለችው ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ነው። ይህ ነውር አይደለም። እንዲያውም ለብዙ ልጅ እዚያ ይሻላል። ጉዞው ይቀርባል። የመጫወቻ ጊዜም ታገኛለች። በዋናው ቡድን ተቀያሪ ሆና በአውሮፕላን ተጉዛ አሥር ደቂቃ ከምትጫወት፣ እዚህ ሙሉውን ጨዋታ ብትሮጥ ትማራለች። ነውሩ አንዱን ነግሮ ሌላውን ማስፈረም ነው። ስለዚህ «ልጄ የምትገባበት ቡድን የትኛው ነው? አሠልጣኟስ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ።

ገንዘቡስ? በዓመት ብዙ ሺህ ዶላር የሚጠይቁ ክለቦች አሉ። ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ ለሥልጠና ነው። ማሊያ፣ ሆቴል፣ የአውሮፕላን ቲኬት ለብቻው ሊታሰብ ይችላል። «ከዚህ ሌላ ምን እንከፍላለን?» በሉ። ብዙ ክለቦች አቅም ለሌለው ቤተሰብ ክፍያ ይቀንሳሉ። እኛ ግን ይሉኝታ ይዞን አንጠይቅም። ፈረቃ ደርቦ ታክሲ የሚነዳ አባት ለምን ዝም ይላል?

«በኋላ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ትማራለች» የሚል ተስፋም ይሰጣችኋል። እርግጥ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች በሁለቱም ሊጎች ትልልቅ ውድድሮች ላይ ይገኛሉ። ነገር ግን በዲቪዝዮን አንድ ያሉት ለተጫዋቿ በቀጥታ መጻፍና መደወል የሚፈቀድላቸው 10ኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ፣ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። የሚሰጠውም ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከፊል ክፍያ እንጂ ሙሉ አይደለም። ዲቪዝዮን ሦስት ያሉ ትምህርት ቤቶች በስፖርት ምክንያት ምንም አይሰጡም። ሃርቫርድና ዬል ያሉበት አይቪ ሊግም እንዲሁ። ስለዚህ በ12 ዓመቷ «አሁን ካልፈረማችሁ ዕድሏ አለቀ» የሚል ሰው ቢመጣ አትቸኩሉ።

ጉልበቷንም አስቡ። የጉልበት ጅማት መበጠስ በሴት ተጫዋቾች ላይ ከወንዶች ይበዛል። ጉዳቱን የሚቀንስ የማሟሟቂያ ልምምድ አለ። አሠልጣኙ ያሠራ እንደሆነ ሜዳ ሄዳችሁ እዩ።

የቀረው የልደት ቀን ነው። ከ2016 ወዲህ የዕድሜ ክልል የሚቆጠረው ከፈረንጆች አዲስ ዓመት ጀምሮ ነበር። ብዙዎቹ የታዳጊ እግር ኳስ ድርጅቶች ከ2026-27 የውድድር ዓመት ጀምሮ ከኦገስት 1 እስከ ጁላይ 31 እንዲሆን ወስነዋል። ኦገስት 1 በእኛ ሐምሌ 25 ነው። ስለዚህ ሐምሌ 24 የተወለደችና በማግሥቱ የተወለደች ልጅ የዕድሜ ክልላቸው ይለያያል። ልጃችሁ አገር ቤት የተወለደች ከሆነ ወረቀቷን አውጥታችሁ እዩ። ሐምሌ በእኛ 11ኛ ወር ነው። ሳይገለበጥ «11» ተብሎ ከተጻፈ እዚህ ኖቬምበር ተብሎ ይነበባል፤ ልጅቷም ከእኩዮቿ ተለይታ ሌላ ቡድን ውስጥ ልትመደብ ትችላለች። ስሕተት ካለ ከመፈረማችሁ በፊት አስተካክሉት።