የሚታየው ቤትና የተሸሸገው ጉልበት፦ ሞንቲቸሎ እንደ ቅርስ



ዛሬ የማነሣው በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት፣ በሻርለትስቪል ከተማ አቅራቢያ በኮረብታ አናት ላይ ስለሚገኘው ስለ ሞንቲቸሎ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ቤቱ የሦስተኛው ፕሬዚዳንት የቶማስ ጄፈርሰን መኖሪያና የሰፊ እርሻው ማእከል ነበር፤ በ1987 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ቤትን እንደ ነበረ መጠበቅ ታሪኩን መጠበቅ ነውን?

ጄፈርሰን የሰውን ልጅ እኩልነት ያወጀውን የነጻነት መግለጫ ያረቀቀ ሰው ነው፤ በሕይወት ዘመኑም ከ600 በላይ ሰዎችን በባርነት ይዟል። ይህ ተቃርኖ በሕንፃው አሠራር ላይ ሳይቀር ይነበባል። ማዕድ ቤቱና ጓዳዎቹ ከቤቱ ግራና ቀኝ ከተዘረጉት ሰገነቶች ሥር በኮረብታው ጎን ተሠርተዋል። በመመገቢያ ክፍሉ ደግሞ መደርደሪያ ያለው ተሽከርካሪ በር ተገጥሟል፤ ምግቡ ከበሩ ጋር ዞሮ ሲገባ የተሸከመው ሰው ከውጭ ይቀራል። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቤት ያለ ማብራሪያ ማቆየት መሸሸጉንም አብሮ ማቆየት ነው።

ጊዜም ያዳላል። የጡቡ ቤት ዘመን ሲሻገር፣ በመልበሪ ሮው መንገድ ዳር የነበሩት የሠራተኞቹ የእንጨት ጎጆዎች ጠፍተዋል።

ጄፈርሰን በ1826 ከባድ ዕዳ ትቶ ሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ 130 ያህል ሰዎች ለጨረታ ቀረቡ። ኑዛዜው አንጥረኛውን ጆሴፍ ፎሴትን ነጻ ሲያወጣ ሚስቱን ኤዲትንና ልጆቻቸውን አላካተተም። በፕሬዚዳንቱ መኖሪያ የፈረንሳይ ምግብ አሠራር የተማረችው ይህች ወጥ ቤት ከልጆቿ ጋር ተሸጠች። ጆሴፍ ከጊዜ በኋላ እርሷንና ከልጆቻቸው ጥቂቶቹን በገንዘብ ዋጅቷል። ይህን ታሪክ ከጡቡ ግድግዳ ማንበብ አይቻልም።

ከ1923 ጀምሮ ቤቱን የያዘው ድርጅት በመጀመሪያ ትኩረቱ በሕንፃውና በባለቤቱ ላይ ነበር። በኋላ ግን የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ የጎጆዎቹን መሠረት ገለጠ፤ በ1993 የተጀመረው የቃል ታሪክ ሥራ የተወላጆቹን ትውስታ ሰበሰበ፤ በ2018ም ስለ ሳሊ ሄሚንግስ ሕይወት ትርኢት ተከፈተ።

ከዚህ የምንማረው ቅርስ ጠባቂ የቆመውን ብቻ ሳይሆን የጠፋውንም የመጠየቅ ግዴታ እንዳለበት ነው። ቤቱን ያስዋበው የጄፈርሰን ንድፍ ነው፤ ያቆመው ግን የእነዚያ ሰዎች ጉልበት ነው። አንዱን ያለ ሌላው ማሳየት ቅርስን ማጉደል ነው።