ዝናቡ የመጣበት ሰዓት

በሐምሌ ባሕር ዳር የሚመጣ እንግዳ ብዙ ጊዜ ግራ ይጋባል። የጣና ክረምት ኃይለኛ ነው ሲባል ሰምቶ ጃንጥላና ቦት ጫማ ይዞ መጥቷል፤ ቀኑ ግን ደመና እንደለበሰ፣ አልፎ አልፎ ፀሐይ ብልጭ እያለች፣ ጠብታ ሳይወርድ ሊመሽ ይችላል። እራት ከተበላ በኋላ ከሐይቁ በኩል መብረቅ ይታያል። እኩለ ሌሊት ላይ ቆርቆሮው ይጮኻል፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች እንኳ መደማመጥ ያቅታቸዋል። ሲነጋ አባርቷል፣ አስፋልቱ ታጥቧል፣ ዘንባባዎቹ ያንጠባጥባሉ።

የአየር ሁኔታ ታዛቢ ነኝ፤ ሥራዬ ይህን መለካት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የዝናብ መለኪያውን ከፍቼ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ መስፈሪያው ብርጭቆ እገለብጣለሁ። ብርጭቆውን ከዓይኔ ትክክል አድርጌ እይዛለሁ። ውሃው ከብርጭቆው ግድግዳ ጋር ስለሚጣበቅ ዳርና ዳሩ ከፍ፣ መሐሉ ዝቅ ይላል፤ የሚነበበው ዝቅ ያለው ነው። ቁጥሩ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ 38 ሚሊሜትር እንበል። ሰው ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስለዋል። አንድ ሚሊሜትር ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 38 ሚሊሜትር በ50 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1,900 ሊትር ይሆናል፤ አሥር በርሜል ሊሞላ ምንም አይቀረው።

ከዚያ ቁጥር የሚጎድል አንድ ነገር አለ፤ ዝናቡ የመጣበት ሰዓት። 38 ሚሊሜትሩ ሌሊቱን ሙሉ ሲያካፋ አድሮ ከሆነ መሬቱ ጠጥቶታል፣ ማንንም አልጎዳም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዶፍ ሆኖ ወርዶ ከሆነ ግን ቦዩ ሞልቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ረባዳ ቦታ ላይ ካለ ቤት ገብቷል። መዝገቡ ላይ ሁለቱ ሌሊቶች እኩል ናቸው። ይህ ነገር ዘወትር ያሳስበኛል።

የከተማችን ዝናብ ሌሊትን ለምን እንደሚመርጥ ሐይቁ ይነግረናል። ጣና ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጥልቀቱ ግን 15 ሜትር እንኳ አይሞላም። ቀን ፀሐይ ስትወጣ ቀድሞ የሚሞቀው ዙሪያውን ያለው መሬትና ተራራ ነው። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ ቦታውን ለመያዝ ከሐይቁ ወደ የብስ ነፋስ ይነፍሳል፤ ደመናውም በጉናና በሌሎቹ ተራሮች ላይ ይከመራል። ከሰዓት በኋላ ያለው ዝናብ በአብዛኛው የተራራው ነው። ማታ ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሐይቁ ግን እንደ ሸክላ ምጣድ ነው፣ ለመጋል ይዘገያል፣ አንዴ ከጋለ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ከየተራራው ቁልቁል የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ከየአቅጣጫው መጥቶ ሐይቁ ላይ ይገናኛል፤ ውሃው ላይ ያለውን ሞቃትና እርጥብ አየርም ወደ ላይ ያነሣዋል። ከዚያ በኋላ ነጎድጓዱ ይከተላል። ባሕር ዳር በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ስለሆነች ድርሻዋ ይደርሳታል። በተፋሰሱ ላይ የተደረጉ ጥናቶችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ በተራሮቹ ላይ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ፣ በሐይቁና በዳርቻው ሌሊት። የቪክቶሪያ ሐይቅ ሌሊትም እንዲሁ ነው፤ እዚያም የሌሊቱ ማዕበል የአጥማጆች ዋና ሥጋት ነው።

በእርግጥ ጣና ብቻውን ክረምት አያመጣም። እርጥበቱ የሚመጣው ከሩቅ ነው፤ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ጭምር። በኤልኒኞ ዓመታት ክረምቱ የሚዳከመውም ይህ ከሩቅ የሚመጣ እርጥበት ስለሚቀንስ ነው። ከተማዋ በዓመት 1,400 ሚሊሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህ ውስጥ ሐምሌና ነሐሴ ብቻቸውን ከግማሽ በላይ ይይዛሉ። በጥርና በየካቲት መለኪያውን የምከፍተው በአብዛኛው ባዶነቱን ለመመዝገብ ነው። ዜሮም መጻፍ አለበት።

የሰዓቱ ነገር መጀመሪያ የሚያስጨንቀው አሳ አጥማጁን ነው። መረቡን አመሻሽ ላይ ጥሎ ጎሕ ሲቀድ የሚያነሣ ሰው፣ ያውም በደንገል ታንኳ፣ «ነገ ከባድ ዝናብ ይኖራል» የሚለው ዜና ምን ያደርግለታል? አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ባገኘኝ ቁጥር «ልጄ፣ የዛሬው ሌሊት እንዴት ነው?» ይለኛል። «ሊዘንብ ይችላል፣ አባባ» ስለው አይበቃውም። «እሱንማ እኔም አውቃለሁ፤ ሳልመለስ ነው ከተመለስኩ በኋላ?» ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እሱ የራሱ ምልክት አለው፤ ምሽት ላይ ነፋሱ ከየብስ በኩል ሲጠነክርና በሐይቁ መሐል መብረቁ ሲበዛ መረቡን ቅርብ ይጥላል። እኛ በነፋስ አቅጣጫና በሙቀት ልዩነት የምናስረዳውን እሱ ከታንኳው ላይ ሆኖ ያነበዋል። ወደ ዘጌ የሚሄዱ ጀልባዎች በጠዋት መነሣት የሚመርጡትም ሐይቁ ጠዋት ስለሚረጋና ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሞገድ ስለሚያስነሣ ነው። እዚህ ከተማ የኖረ ሁሉ የአየሩን ሁኔታ በሰዓት ነው የሚያውቀው።

ቦይ የሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ስሄድ ግን የምጠየቀው የወሩንና የዓመቱን ድምር ነው። ባሕር ዳር ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት፤ ውሃው የሚንደረደርበት ተዳፋት የለውም። እንዲህ ባለ ቦታ የቦዩን ስፋት የሚወስነው በዓመት የሚወርደው መጠን ሳይሆን በጣም በከበደው ግማሽ ሰዓት ውስጥ የሚወርደው ነው። ያ ግማሽ ሰዓት ደግሞ ሰው ተኝቶ ሳለ ይመጣል፤ ቦዩን የደፈነውን ፌስታልና ደለል የሚያነሣ አንድም ሰው ደጅ በሌለበት። ቦይ በግንቦት መጠረግ ያለበት ለዚህ ነው።

ስለ በጋው ብዙ የሚባል የለም። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ወይና ደጋ መሆኗን የሚረሳ ብዙ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ስለሚደርስ ሰው ቆላ የገባ ይመስለዋል፤ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ግን ወደ 7 እና 8 ዲግሪ ይወርዳል። ለጥምቀት ጋቢ ሳይዝ የመጣ ያውቀዋል። የፀሐይ ሰዓት የምንለካበት የብርጭቆ ኳስ ከሥሩ ያለውን ካርድ እያቃጠለ መስመር ያሰምራል። የታኅሣሥ ካርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተቃጠለ አንድ መስመር ነው። የሐምሌው የተቆራረጡ ነጠብጣቦች ናቸው፤ አንዳንድ ቀን ንጹሕ ሆኖ ይነሣል።

ሐይቁ ራሱ ከዝናቡ ኋላ ይከተላል። ውሃው ዝቅተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ዝናቡ ሊጀምር ሲል፣ ግንቦት መጨረሻና ሰኔ ላይ ነው። ከፍተኛው የሚሆነው ግን በመስከረምና በጥቅምት፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ነው። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የየሀገሩን ውሃ ይዘው እስኪደርሱ ጊዜ ይፈጃል። በአንጻሩ ከሐይቁ ፊት በዓመት ከ1,500 ሚሊሜትር በላይ ውሃ ተንኖ ይሄዳል፤ ወንዞቹ ባይኖሩ ኖሮ ከላዩ የሚወርደው ዝናብ ብቻውን ሐይቁን ባላቆመው። በ1995 ዓ.ም. ዝናቡ አንሶ፣ ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀውም ውሃ በዝቶ፣ ሐይቁ በእጅጉ ወርዶ ነበር፤ ያኔ የጣና ትልልቅ ጀልባዎች መንቀሳቀስ ተስኗቸው ቆመዋል።

ዛሬ ያለ ሰው እጅ ዝናብን በየ15 ደቂቃው የሚመዘግቡ ጣቢያዎች አሉ። የሌሊቱ ዶፍ መቼ ጀምሮ መቼ እንዳባራ፣ የትኛው ሩብ ሰዓት እንደከበደ እዚያ ተጽፏል። ከእኛ እጅ ወጥቶ ሰው ዘንድ ሲደርስ ግን ብዙ ጊዜ የዕለት፣ የአሥር ቀን፣ የወር ድምር ሆኖ ሰዓቱ ጠፍቷል። ቦይ የሚነድፈው መሐንዲስ የሩብ ሰዓቱን ቁጥር ጠይቆ ይውሰድ፤ እኛም ሳይጠየቅ እንስጠው። የሐይቁ ትንበያ ደግሞ «ከእኩለ ሌሊት በፊት»፣ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ» እየተባለ፣ አጥማጁ መረቡን ሳይጭን፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ በአካባቢው ሬዲዮ ይነገር።